ቁርጠቱ ከክፍል ካስቀረሽ «ያው የሴት ነገር» አይደለም

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹን የጻፉት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ የጠየቁትም ስለ ወር አበባ ነው። ለማታውቁኝ አንባቢዎች፣ እኔ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪም ነኝ፤ ከዚያ በፊት በጠቅላላ ሐኪምነት በተማሪዎች ክሊኒክ ውስጥ ሠርቻለሁ። ያኔ ያስገርመኝ የነበረው ነገር በእነዚህ ደብዳቤዎችም ውስጥ አለ። ተማሪዋን ስለ ሆርሞን ብትጠይቋት ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን መቼ ከፍ፣ መቼ ዝቅ እንደሚሉ በግራፍ ሠርታ ታሳያችኋለች። በየወሩ አልጋ ላይ የሚጥላት ሕመም መታከም እንዳለበት ግን የነገራት የለም። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ ጸሐፊዎቹን የሚያሳውቅ ነገር አውጥተን አቅርበናል። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ታገሡኝ።

«እናቴም እንዲሁ ነበረች»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ፔሬዴ ሲመጣ ድሮም ያመኝ ነበር፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ባሰብኝ። የመጀመሪያው ቀን ያስመልሰኛል፣ ያስቀምጠኛል፣ ወገቤን ይቆርጠኛል፣ ተጣጥፌ ተኝቼ ነው የምውለው። ባለፈው ሴሚስተር ሚድ አመለጠኝ፤ ለመምህሩ «ምግብ ተመርዤ ነው» አልኩት። እናቴ «እኔም እንዲሁ ነበርኩ፣ ስትወልጂ ይተውሻል» ትለኛለች። የዶርም ጓደኞቼ ደግሞ ማስታገሻ ከለመድኩ መካን እንደምሆን ነገሩኝ። ሲብስብኝ ግማሽ ፓራሲታሞል እውጣለሁ፤ ምንም አይለውጥም። ክሊኒክ እንዳልሄድ ወረፋው ላይ የሚቀመጡት የክፍሌ ልጆች ናቸው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ እናትሽ አልዋሸችሽም። ይህ ሕመም የብዙ ሴት ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ 38 ጥናቶችን አሰባስቦ የ21,573 ወጣት ሴቶችን ምላሽ የመረመረ ጽሑፍ አለ። በዚያ መሠረት ከ100 ወጣቶች 71 ያህሉ የወር አበባ ሕመም አለባቸው፤ 20 ያህሉ በዚሁ ምክንያት ከትምህርት ቤት ወይም ከዩኒቨርሲቲ ቀርተዋል፤ 41 ያህሉ ደግሞ ክፍል ቢገቡም ትኩረታቸው ወይም ውጤታቸው ተጎድቷል። በሀብታሙም ሆነ በድሃው አገር ሥዕሉ ተቀራራቢ ነው። ግን ብዙ ሰው አለበት ማለት አይታከምም ማለት አይደለም። የተቦረቦረ ጥርስም ብዙ ሰው አለው፤ «ያው የሰው ነገር ነው» ብሎ የሚተወው ግን አላየሁም።

ክሊኒክ ውስጥ «ያምሻል ወይ?» ብዬ መጠየቅ ካቆምኩ ቆየሁ። ጉልበታቸውን አቅፈው «ትንሽ» ይሉኛል። የምጠይቀው «ባለፉት ሦስት ወራት ከምን አስቀርቶሻል?» ብዬ ነው። ከክፍል፣ ከፈተና፣ ከእንቅልፍ ያስቀረሽ ሕመም ሕክምና ይፈልጋል፤ ልክ ስንት ነው ለሚለው ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለኝም። አንቺ ደግሞ ሚድ አምልጦሻል።

ሕመሙ ከየት እንደሚመጣ ልንገርሽ፤ ምክንያቱን ካወቅሽ መድኃኒቱን በደንብ ትወስጂዋለሽ። የወር አበባ ሲቃረብ የማሕፀን የውስጥ ግድግዳ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ኬሚካል ያመነጫል። ይህ ኬሚካል ማሕፀኑን ያኮማትረዋል። ማሕፀኑ ጠንክሮ ሲኮማተር ወደ ጡንቻው የሚሄደው ደም ይቀንሳል፤ ኦክስጅን ያጣ ጡንቻ ደግሞ ያማል። ከኬሚካሉ የተወሰነው ሾልኮ አንጀትን ይነካል፤ የሚያስመልስሽና የሚያስቀምጥሽ እሱ ነው። ስለዚህ «እኔ ብቻ ነኝ የማልችለው» እያልሽ ራስሽን አትውቀሺ፤ የኬሚካሉ መጠን ከሴት ሴት ይለያያል፣ አንቺ ጋ ብዙ ነው።

እንግሊዛዊው ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 አስፕሪንና መሰሎቹ የሚሠሩት የፕሮስታግላንዲንን ምርት በማገድ መሆኑን አሳየ፤ በ1982ም ከሁለት ስዊድናውያን ተመራማሪዎች ጋር የኖቤል ሽልማትን ተካፈለ። አይቡፕሮፌንም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ያንቺን ሕመም ከምንጩ የሚይዘው ይህ ዓይነቱ መድኃኒት ነው። ፓራሲታሞል ለዚህ ሕመም ደካማ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ለአንቺ ምንም ነው።

አወሳሰዱ ላይ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት። «እስኪብስብኝ ልታገሥ» ብለው ቆይተው፣ ሲያለቅሱ ነው የሚውጡት። ያን ጊዜ ኬሚካሉ ተመርቶ አልቋል፤ መድኃኒቱ ደግሞ ምርቱን ነው የሚያግደው። የወር አበባሽ መምጫ ቀን የሚታወቅ ከሆነ ከዋዜማው ጀምሪ፤ የማይታወቅ ከሆነ ገና ምልክቱ ሲታይ። 400 ሚሊ ግራም፣ ምግብ በልተሽ፣ በየ6 እስከ 8 ሰዓቱ፣ ለ2 ወይም ለ3 ቀን። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በ24 ሰዓት ከ1,200 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ከሦስት ጊዜ፣ እንዳይበልጥ። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብሽ፣ አስፕሪን አስምሽን የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ ወይም እርግዝና ከጠረጠርሽ አትውሰጂው፤ ሐኪም ሌላ ይፈልግልሻል። በወር ሁለት ሦስት ቀን በዚህ መጠን መውሰድ መካን አያደርግም፤ ሱስም አያስይዝም። ሆድሽ ላይ ሙቀት ማድረግም ይረዳል፤ ጥናቶች ላይ ሆድ ላይ የሚለጠፍ ማሞቂያ ከአይቡፕሮፌን የማያንስ ውጤት ያሳየበት ጊዜ አለ። ሙቅ ውኃ በጠርሙስ ሞልተሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ ያዢ። አዘውትሮ ስፖርት መሥራትም ሕመሙን እንደሚቀንስ ታይቷል፤ በሕመሙ ቀን ተነሥተሽ ሩጪ ግን አልልሽም።

ይህን በትክክል ለሦስት ወር ሞክረሽ ካልተለወጠ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ የሆርሞን ሕክምና አለ። እዚህ ላይ ሁሌ የምሰማው «እኔ ወንድ አላውቅም፣ ለምን የእርግዝና መከላከያ ይሰጠኛል?» የሚል ነው። እንክብሉ የማሕፀኑን የውስጥ ግድግዳ ስለሚያሳሳ ፕሮስታግላንዲኑም ይቀንሳል፤ ለዚህ ሕመም የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ማስረዳት ያለበት ሐኪሙ ነው፤ አንቺ ለማንም ማብራሪያ ዕዳ የለብሽም።

ከደብዳቤሽ ሁሉ ያሳሰበኝ ግን «ካለፈው ዓመት ወዲህ ባሰብኝ» ያልሽው ነው። ተራው የወር አበባ ሕመም ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው የወር አበባ ከታየ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ይጀምርና ከዚያ ወይ በዚያው ይቀጥላል ወይ እየቀለለ ይሄዳል። ከዓመት ዓመት የሚብስ፣ ከወር አበባው ቀን ውጭም የሚመጣ፣ ሽንት ቤት ስትቀመጪ ወይም በግንኙነት ጊዜ የሚወጋ ሕመም ኢንዶሜትሪዮሲስን ያስጠረጥራል። የማሕፀንን የውስጥ ግድግዳ የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ ሲገኝ ነው እንዲህ የሚባለው። የዓለም የጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ገደማ፣ ማለትም 190 ሚሊዮን ያህል ሴቶች እንዳለባቸው ይገምታል። በሽታው ታውቆ ስም እስኪሰጠው ከ4 እስከ 12 ዓመት ይፈጃል። ይህ ሁሉ ዓመት የሚያልፈው አንድም ሴቷ ዝም ስለምትል፣ አንድም ስትናገር «ሁሉም ሴት ያማታል» ተብላ ስለምትመለስ ነው። የመጨረሻውን የሚሉት ከሙያ ባልደረቦቼም መካከል ስላሉ በግልጽ ልጻፈው።

አልትራሳውንድ ተነሥተሽ «ምንም የለብሽም» ብትባዪ ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም፤ ብዙው ኢንዶሜትሪዮሲስ በተራ አልትራሳውንድ አይታይም። ቀድሞ ሆድ በካሜራ ካልታየ በሽታው አለ አይባልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ግን ምልክቱን አይቶ ሕክምና መጀመር እንደሚቻል ይላል። ይህን ማወቅሽ ሐኪሙ ፊት ያግዝሻል።

ወረፋውን በተመለከተ፦ ካርድ ክፍል ላይ «ሆዴን ያመኛል» በቂ ነው። ውሸትም አይደለም። ቀሪውን በሩ ሲዘጋ ትናገሪያለሽ፤ አፍሽ ካልታዘዘልሽ ቀኖቹንና ምልክቶቹን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስጪ። እኔ እንዲህ የተጻፈ ወረቀት ሲሰጠኝ ደስ ይለኛል፤ ከቃል ይልቅ የተሟላ ነው።

«ግንዛቤያቸው ከፍተኛ ነው ልል ነበር»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የመመረቂያ ጽሑፌን የምሠራው ተማሪዎች ስለ ወር አበባ ጤና ችግሮች ባላቸው ግንዛቤና አመለካከት ላይ ነው። መጠይቁን ለሙከራ ለክፍሌ ልጆች አደልኩ። የወር አበባ ምንድን ነው፣ በስንት ቀን ይመጣል ለሚሉት ሁሉም ማለት ይቻላል በትክክል መለሱ። አንዷ ግን ከወረቀቱ ጀርባ «በየወሩ ራሴን እስታለሁ፣ ይህም መጠይቁ ላይ መግባት ነበረበት» ብላ ጻፈች። ግራ ገባኝ። አማካሪዬ ደግሞ ወንዶቹን ከናሙናው እንዳወጣ መከረችኝ፤ አስቂኝ መልስ ስለሚሰጡ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ከወረቀቱ ጀርባ የጻፈችልሽ ልጅ ጥናትሽን አድናልሻለች። መጠይቅሽ የለካው የባዮሎጂ ውጤት ነው። የሚያስፈልግሽ ደግሞ «ችግር ስታይ ችግር መሆኑን ታውቀዋለች ወይ?» የሚለው ነው፤ ሁለቱ የተለያዩ ዕውቀቶች ናቸው። በሽታውን በስሙ አትጠይቂ። «ኢንዶሜትሪዮሲስን ታውቂያለሽ?» ብትያት «አዎ» ብላ ታልፍሻለች፤ የሰማችውን ስም እንደ ዕውቀት ትቆጥረዋለች። ይልቅ አጭር ታሪክ ስጫት። የ20 ዓመት ተማሪ ናት፣ የወር አበባዋ 10 ቀን ይቆያል፣ በየሰዓቱ ሞዴስ ትቀይራለች፣ ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል። ምን ትመክሪያታለሽ? መልሱ «ትታገሥ» ከሆነ ግንዛቤው የት ላይ እንደቆመ አየሽ ማለት ነው።

ልኩንም ጠይቂ፤ እዚያ ላይ ነው ብዙው ሰው የሚወድቀው። ለአዋቂ ሴት ከአንዱ የወር አበባ መጀመሪያ እስከ ቀጣዩ መጀመሪያ ከ24 እስከ 38 ቀን ጤነኛ ነው፤ መድማቱም እስከ 8 ቀን ሊቆይ ይችላል። ብዙ ተማሪ 28 ቀን ካልሞላ ወይም ካለፈ ታምሜያለሁ ብላ ትፈራለች፤ ያቺው ልጅ ግን በየወሩ ራሷን ስታ መውደቋን ምንም አትለውም። ፍርሃቱና በሽታው ቦታ ተለዋውጠዋል።

አመለካከትን ለመለካት ከዜሮ አትጀምሪ። ጂን ብሩክስ ጋን እና ዳያን ሩብል እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተሙት የወር አበባ አመለካከት መጠይቅ እስካሁን ይሠራበታል። አምስት ክፍሎች አሉት፤ የወር አበባን አቅም የሚያሳጣ፣ የሚያስቸግር፣ ተፈጥሯዊ ወይም መምጫው የሚታወቅ አድርጎ ማየትን ይለካል፣ አምስተኛው ደግሞ ተጽዕኖውን መካድን። ለአንቺ ጥናት የኔ ምርጫ ይህ አምስተኛው ነው። «ለእኔ ምንም አይለኝም፣ ሰበብ ነው» የምትል ሴት ከወንዶቹ ባልተናነሰ የታመመችውን ጓደኛዋን ዝም ታሰኛለች። ክሊኒክ ውስጥ ደጋግሜ ያየሁት ነው፤ ጓደኛዋን ደግፋ ያመጣቻት ልጅ «ታጋንናለች» ትለኛለች፣ በሽተኛዋ እየሰማች። ጥያቄዎቹን ስትተረጉሚ ለጥቂት ሰው አስነብበሽ እንዴት እንደገባቸው አረጋግጪ፤ ትርጉሙ ቀጥታ ከሆነ ይበላሻል።

ከግንዛቤና ከአመለካከት ሌላ የተደረገውን ጠይቂ። ባለፉት ሦስት ወራት ስንት ክፍል ቀረሽ? ለመምህሩ ምን አልሽው? በኔዘርላንድስ ከ32,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ላይ በወር አበባ ምክንያት ከሥራ ወይም ከትምህርት ቀርተው እውነተኛውን ምክንያት የተናገሩት ከአምስት አንድ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በዚያው ጥናት አንዲት ሴት በዓመት በአማካይ የምትቀረው 1.3 ቀን ሲሆን፣ በቦታዋ ተቀምጣ ሥራዋ ሳይሠራ የሚባክነው ግን ወደ 9 ቀን ይደርሳል። የክፍል መከታተያ ወረቀት የሚያሳየው የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ነው።

ወንዶቹን አታውጪ። ይቅርታ አድርጊልኝና አማካሪሽ እዚህ ላይ ተሳስታለች፤ አስቂኙ መልስ ራሱ የአመለካከት መረጃ ነው። ወደፊት መምህር፣ የክፍል ኃላፊና አሠሪ የሚሆኑት እነሱም ናቸው። ለየብቻ እንዲሞሉት ብቻ አድርጊ፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው ከሞሉት አንዱ ለሌላው ነው የሚጽፈው። ሴቶቹንም እንዲሁ። ሌላው ደግሞ በመጨረሻው ገጽ ላይ እርዳታ የሚገኝበትን ቦታ ጻፊላቸው። ሰው ቁስሉን እንዲያሳይሽ ጠይቀሽ ባዶ እጅሽን መመለስ የለብሽም።

መግቢያሽ ላይ ብትጽፊው ደስ የሚለኝ አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በየዓመቱ ሜይ 28 የወር አበባ ንጽህና ቀን ይከበራል። ሞዴስ ማደል ጥሩ ነው፣ ለብዙዎች ከክፍል መቅረትና አለመቅረትን ይወስናል፤ ሲታደል ግን «ያምሻል ወይ? ስንት ቀን ይቆይብሻል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጎኑ ቆሞ አላየሁም። የዓለም የጤና ድርጅት በጁን 2022 ባወጣው መግለጫ የወር አበባ ጤና እንደ ንጽህና ጉዳይ ሳይሆን እንደ ጤናና እንደ ሰብዓዊ መብት ጉዳይ እንዲታይ ጠይቋል። ጥናትሽ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው።

«ብናገር ነውር፣ ዝም ብል በደል»

ጥያቄ፦ እኔ ወንድ ነኝ፣ የክፍል ተወካይ። በቡድን ሥራችን ውስጥ ያለች አንዲት ልጅ በየወሩ አንድ ሁለት ቀን ትጠፋለች። ምክንያቱ ገብቶኛል። ልጆቹ ግን «ቀይ መብራት በራባት» እያሉ ይሳሳቃሉ፤ የላብራቶሪ ነጥቧም እየተቀነሰ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንዶቹ ሴቶች ሰበብ ያደርጉታል የሚል ጥርጣሬም አለኝ። እንዴት ልርዳት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን መጻፍህን አደነቅሁ። ጥርጣሬህን መደበቅህን ትተህ መጻፍህንም። ከዚህ በላይ የጠቀስኩትን የኔዘርላንድስ ጥናት ተመልከት፤ ነገሩ የሚሄደው በተቃራኒው ነው። ሴቶቹ ወር አበባን ሰበብ አያደርጉም፤ ወር አበባን ለመደበቅ ሌላ ሰበብ ይፈልጋሉ።

ልጅቷን ስለ ወር አበባዋ አታናግራት፤ አልነገረችህምና። አሠራሩን ግን አንተ መለወጥ ትችላለህ። ማንኛውም የቡድን አባል በሴሚስተር የተወሰነ ጊዜ ምክንያት ሳይጠየቅ ተራውን እንዲቀያየር ተስማሙ። ያመለጠ ላብራቶሪ የሚካካስበትን ቀን መምህሩን በክፍሉ ሁሉ ስም ጠይቅ፤ በሷ ስም አይደለም። እሷም ትጠቀማለች፣ ወባ የያዘው ልጅም ይጠቀማል፣ ማንም ማንንም አያይም።

ለሚሳሳቁት ደግሞ ይህን ንገራቸው። እ.ኤ.አ. በ1920 ቤላ ሺክ የተባለ የቪየና ሐኪም፣ በዲፍቴሪያ ምርመራው ስሙ የተጠራ ሰው፣ በወር አበባ ላይ ያለች ሴት የነካችው አበባ ይጠወልጋል፣ ከሰውነቷ መርዝ ይወጣል ብሎ ጻፈ። የተማረ ሰው ስለነበር ሐሳቡ ለአሥርት ዓመታት ተከታይ አላጣም። መርዙ ግን ኖሮም አያውቅም። የእነሱ ቀልድ ቢያንስ የሳይንስ ስም አልያዘም፤ ያንን ያህል ይቅርታ አደርግላቸዋለሁ።

«ጥቁር ካልለበስኩ ክፍል አልገባም»

ጥያቄ፦ ፔሬዴ 9 እና 10 ቀን ይቆያል። ሁለት ሞዴስ ደርቤ እንኳ ያልፋል። ወንበር ስለማበላሽ የኋላ ረድፍ ነው የምቀመጠው። ሁልጊዜ ይደክመኛል፣ ጸጉሬ ይነቃቀላል። ትንሽ ልጅ ሆኜም ነስር ያስቸግረኝ ነበር። እህቶቼም ብዙ ነው የሚደሙት። ደም መብዛቱ «ያጠራል» ይላሉ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት አይደለም። የወር አበባ ደም ቆሻሻ ስላልሆነ የሚያጠራው ነገር የለም፤ ሲበዛ የሚያልቀው የሰውነትሽ ብረት ነው። ብዙ የሚባለው ደም በመጽሐፉ ከ80 ሚሊ ሊትር በላይ ነው፤ በሚሊ ሊትር የሚለካ ሰው ግን የለም። በየአንድና ሁለት ሰዓቱ መቀየር፣ መደረብ፣ ሌሊት መነሣት፣ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ የረጋ ደም፣ ከ8 ቀን ማለፍ፣ እነዚህ ይበቃሉ። አንቺ አብዛኛውን ጠቅሰሻል።

ከሁሉ በላይ ዓይኔ ያረፈው ነስሩና እህቶችሽ ላይ ነው። ኤሪክ ቮን ቪሌብራንድ የተባለ የፊንላንድ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1926 በኦላንድ ደሴቶች ስለሚኖር አንድ ቤተሰብ ጻፈ። ምርመራው የተጀመረው ህዮርዲስ በተባለች ትንሽ ልጅ ነበር፤ ልጅቷ በኋላ በ13 ዓመቷ፣ በአራተኛው የወር አበባዋ፣ ደም ፈሷት ሞተች። ዛሬ በሐኪሙ ስም የሚጠራው በሽታ በዘር ከሚተላለፉት የደም አለመርጋት ችግሮች ሁሉ በብዛት የሚገኘው ነው፤ ብዙ ሴቶች ያለባቸው መሆኑን የሚያውቁት በወር አበባቸው ነው። ታሪኩን የነገርኩሽ ላስፈራራሽ አይደለም፤ አሁን ሕክምና አለው። ግን ሐኪም ዘንድ ስትሄጂ «ነስር ነበረኝ፣ እህቶቼም ይደማሉ» ማለትን እንዳትረሺ፤ ካልተናገርሽ አይጠየቅም። ጥርስ ስትነቀዪ ብዙ ደምተሽ ከሆነም ጨምሪ።

የደም ምርመራ ጠይቂ። ሄሞግሎቢን ከ12 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው። ሄሞግሎቢኑ ጥሩ ሆኖ የብረት ክምችቱ ብቻ ያለቀባቸውም ስላሉ ፌሪቲን የሚባለውም ቢታይ መልካም ነው፤ ድካሙና የጸጉሩ መነቃቀል ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ደሙን ለመቀነስ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል እንክብል አለ፤ የሚወሰደው ደሙ በሚበዛባቸው ቀናት ብቻ ሲሆን መጠኑን እስከ ግማሽ ሊቀንሰው ይችላል። ጃፓናዊቷ ሐኪም ኡታኮ ኦካሞቶ ከባለቤቷ ጋር እ.ኤ.አ. በ1962 ያስተዋወቀችው መድኃኒት ነው፤ ዛሬ በወሊድ ጊዜ በደም መፍሰስ ሊሞቱ የነበሩ እናቶችንም ያተርፋል። እግር ወይም ሳንባ ውስጥ ደም ረግቶበት ለሚያውቅ ሰው ስለማይሰጥ በሐኪም ትእዛዝ ነው የሚወሰደው። የሆርሞን አማራጮችም አሉ። እስከዚያው በየቀኑ የቀየርሽውን የሞዴስ ብዛትና ምን ያህል እንደረጠበ መዝግቢ። አዎ፣ የኋላውን ረድፍ ለጊዜው ያዢው፤ ግን ለዘለቄታ እንዳትለምጂው።

አጭር አጭር

ጥያቄ፦ አራት ወር ሆነኝ ፔሬዴ ከቀረ። ፊቴ ላይ ብጉር፣ አገጬ ላይ ጸጉር ወጣ። «የፈተና ጭንቀት ነው» አሉኝ።

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ጭንቀት፣ ድንገተኛ ክብደት መቀነስና ከባድ ስፖርት ያስቀሩታል። ግን የመጀመሪያው ነገር የእርግዝና ምርመራ ነው፤ ተቆጥተሽም ቢሆን አድርጊው፣ ማንኛዋንም ሴት የምንጠይቀው ነው። በየወሩ ይመጣ የነበረ የወር አበባ ሦስት ወር ሲቀር ሐኪም ማየት አለበት። ያንቺ ምልክቶች ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም የሚባለውን የሆርሞን መዛባት ያስጠረጥራሉ፤ የዓለም የጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች ከ10 እስከ 13 በመቶው እንዳለባቸው፣ ካለባቸውም እስከ 70 በመቶው ሳይታወቅላቸው እንደሚኖር ይገልጻል። የመጀመሪያ የወር አበባሽን ካየሽ 8 ዓመት ካልሞላሽ አልትራሳውንድ ለዚህ አይመከርም፤ በዚያ ዕድሜ ጤነኛው የእንቁላል ማምረቻ (ኦቫሪ) እንኳ ተመሳሳይ መልክ ስላለው ያሳስታል። የደም ምርመራውና ያየሻቸው ምልክቶች ይበቃሉ። መውለድ አልችልም ማለት ነው ብለሽ እንዳትደመድሚ፤ አብዛኞቹ ይወልዳሉ።

ጥያቄ፦ ፔሬዴ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ሌላ ሰው እሆናለሁ። አለቅሳለሁ፣ ከሁሉም እጣላለሁ፣ አንዳንዴ ባልኖርስ እላለሁ። ሲመጣ በሁለተኛው ቀን ይለቀኛል። እብደት ነው?

መልስ፦ እብደት አይደለም፣ ጠባይም አይደለም። ከወር አበባ በፊት የሚመጣ ከባድ የስሜት መታወክ ነው የሚመስለው፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ራሱን እንደቻለ ሕመም መዝግቦታል። ለሁለት ወር በየቀኑ ስሜትሽን ከ1 እስከ 10 እየሰጠሽ ጻፊ፤ ሐኪሙ የሚመረምረው ያንን መዝገብ ነው። የድባቴ መድኃኒቶች ለዚህ ሕመም ይሠራሉ፤ ለአንዳንዶች ከወር አበባ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ብቻ መውሰድ ይበቃል። «ባልኖርስ» የሚለው ሐሳብ ሲመጣ ግን መዝገቡን አትጠብቂ። በዚያው ቀን ለምታምኚው ሰው ንገሪ፣ ብቻሽን አትደሪ፣ ሐኪም ዘንድ አብሮሽ የሚሄድ ሰው ያዢ። ነገ ሲመጣ ይለቀኛል ብለሽ አታሳልፊው።

ጥያቄ፦ ፋይናል ሊደርስ ነው፤ ፔሬዴን ማዘግየት ይቻላል? ይጎዳል?

መልስ፦ ይቻላል። ኖርኤቲስተሮን የሚባል እንክብል፣ ብዙውን ጊዜ 5 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ የወር አበባው ከሚጠበቅበት 3 ቀን ቀደም ብሎ ይጀመራል። ፈተና ደርሶ ከዶርም ጓደኛ ተበድሮ የሚዋጥ ግን አይደለም፤ ደም ረግቶበት ለሚያውቅ፣ የጉበት ሕመም ላለበት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ለሚፈስባት ሴት አይሆንም። በዚህ መጠን እርግዝናን እከላከልበታለሁ ብለሽም አትመኪበት። ድብልቁን (ሁለት ሆርሞን ያለበትን) የእርግዝና መከላከያ እንክብል ቀድሞውኑ የምትወስጂ ከሆነ ሌላ መድኃኒት ላያስፈልግሽ ይችላል፤ የእረፍት ሳምንቱን ዘለሽ ቀጣዩን ማሸጊያ መጀመር ይበቃል። ኖርኤቲስተሮንን ስታቆሚ የወር አበባሽ በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ይመጣል፤ የፈተናውን ፕሮግራም ይዘሽ ሂጂና የማቆሚያውን ቀን ከሐኪሙ ጋር አስሉት።